ዋንዛው የቆመበት ሰማይ

ወንድሜ ቤት፣ በምዕራቡ መስኮት ላይ ጋቢ ተሰቅሏል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ብርሃኗ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጋቢው ካልተጋረደ ምስሉ አይታይም። ከባለፈው ዓመት ጥቅምት በፊት ግን ይህ ጋቢ አያስፈልግም ነበር። በመስኮቱና በፀሐይዋ መካከል አባታችን ለወንድሜ ያወረሱት ዋንዛ ነበረ። ዋንዛውን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳስቆረጥኩት በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዞን መሥሪያ ቤት፣ በመሬት ልኬት ሥራ ላይ ነው። ከሺሺንዳ እስከ ቢታ ገነት በእግሬ ያልረገጥኩት ቀበሌ ጥቂት ነው። እኔ የለካሁት ወሰን በኋላ ሰው አጣላ ሲባል አልሰማሁም። ይህን መጻፌ እንደ ጉራ እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ይሁን እንጂ እውነት ነው። ጡረታ ስወጣ የመንግሥትን ኮምፓስ በሰነድ አስረክቤ፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ ኮምፓስ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ምን ልለካበት እንደገዛሁት ግን አላውቅም ነበር።

መልሱ የመጣው ከጣራዬ ላይ ነው። ቦንጋ ያለውን ቤቴን ነፋስ መትቶት ዲሹ አቅጣጫውን ሳተ። ባለቤቴ ሠራተኛ እንጥራ ብትለኝም አሻፈረኝ ብዬ፣ የሳተላይት ነገር ምን እንደሆነ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። በዚያ ሰሞን ነው የሽፋን ካርታ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ሳገላብጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ካርታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ እጅግ ሩቅ በሆነ ከፍታ ላይ፣ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሯት ይዞራል። ስለዚህ ከታች ሆኖ ለሚያነጣጥርበት ሰው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ዲሹን በትክክል ካዞሩለት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ያገኙታል። ከዚያ ከፍታ የሚልከው ሲግናል ደግሞ ለምድር ሁሉ የሚዳረስ አይደለም። እንደ እጅ ባትሪ አጥብቦ ወደ መረጠው አገር ያበራል። የእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲበራ ክብ ብርሃን ይሰጣል፤ ጋደል አድርገው ሲያበሩት ብርሃኑ ሞላላ ሆኖ ይለጠጣል፤ መሐሉ ደማቅ፣ ዳሩ ደብዛዛ ይሆናል። የሽፋን ካርታ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ጠማማ ቀለበቶች አሉበት። በውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ያለ ሰው ትንሽ ዲሽ ይበቃዋል፤ ወደ ውጭኛው በወጣ ቁጥር ዲሹ መስፋት አለበት፤ ከመጨረሻው ቀለበት ውጭ ያለው ምንም ቢያደርግ አያገኝም። ባለሙያዎቹ ይህን ሽፋን የሳተላይቱ የእግር አሻራ ይሉታል። እንደ እኔ ያለ፣ ዕድሜውን ሙሉ መሬት እየረገጠ ለለካ ሰው ይህ አጠራር ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቶቼን ዲሽ ማስተካከል ጀመርኩ። ክፍያ አልቀበልም። ኮምፓሴን አውጥቼ፣ የሳተላይቱን አቅጣጫና ከፍታ ነግሬያቸው፣ ዲሹን አዙሬ ምስሉ ሲመጣ ሰዎቹ ከቤት ውስጥ «መጣ! መጣ!» ብለው ሲጮኹ መስማት፣ ከሹመት ደብዳቤ ይልቅ ልቤን ያሞቀው ነበር። ባለቤቴ ግን ትቀልድብኝ ነበር። የራሳችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አንድ ዝግጅት ጨርሼ አይቼ ስለማላውቅ፣ «አንተ ሰው እንዲያይ እንጂ እንድታይ አልተፈጠርክም» ትለኛለች።

ወንድሜ ታላቄ ናቸው። የሚኖሩት ከማንኪራ አቅራቢያ፣ እኔም በተወለድኩበት ቤት ነው። አባታችን ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸውና፣ አንዱን ትምህርት ቤት ላኩ፤ ለሌላው ጫካውን ሰጡ። የተማርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ቡናውንና ቀፎዎቹን ተረክበው፣ እኔ ከተማ በምማርበት ጊዜ ሁሉ ማር እያወረዱ የደብተሬንና የልብሴን ወጪ ሸፍነዋል። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስተውብኝ አያውቁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ማር ለማውረድ ከወጡበት ዛፍ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ታክመው ዳኑ፤ ነገር ግን በዱላ ከቤት እስከ አጥር እንጂ ከዚያ አልፈው መሄድ አይችሉም። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። ወንድሜ ከልጅነታቸው ጀምሮ እሑድ ቅዳሴ ያልቀረባቸው ሰው ነበሩ። አሁን በእሑድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ደወሉን ብቻ ይሰማሉ። ባለቤታቸው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደወሉ ካበቃም በኋላ ሰውየው ፊታቸውን ከዳገቱ አያነሱም አሉኝ።

ቅዳሴንና ስብከትን የሚያስተላልፍ ቻናል እንዳለ አውቅ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ እኔ ቤት ቻናል ሳፈላልግ አይቼዋለሁ። ወደ መንደሩ መብራት ገብቷል፤ ልጆቻቸውም ቴሌቪዥን ገዝተውላቸዋል። የቀረው ዲሽ ብቻ ነበር፤ የዲሽ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለወንድሜ የምከፍለው ነገር ካለ ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ክረምቱ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። በክረምት መሥራት የማልወደው ያለምክንያት አልነበረም፤ ካፋ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሲግናሉ ከደመናው ጋር እየታገለ ስለሚደርስ፣ ልኬቱ አያስተማምንም። ጥቅምት ሲገባ ዲሽ፣ ሪሲቨርና ገመድ ገዝቼ ሄድኩ። ፋሲካ ላይ ቻናሉን ያየሁበት ሳተላይት በምዕራብ በኩል ያለው ነው። በዚያ ሳተላይት ካርታ ላይ የእኛ አገር ወደ ዳር ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ሰፊውን ዲሽ መረጥኩ። ከሞተረኛው ኋላ ተቀምጬ ዲሹን ታቅፌ ስሄድ የመንገዱ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

ወንድሜ ግቢ ደርሼ ኮምፓሴን ስዘረጋ ችግሩን ወዲያው አየሁት። የምዕራቡ ሳተላይት በሰማዩ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ከአድማስ ተነስቶ እስከ አናት ካለው ስፋት እኩሌታውን እንኳ አይደርስም። በዚያ መስመር ላይ በትክክል ቆሞ የነበረው ዋንዛው ነው።

ሰዓቱ ከቀትር በፊት ነበር። ዋንዛው በአበባ ነጭ ሆኖ፣ ከሥሩ ሲቆሙ የንቦቹ ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ ይሰማ ነበር። በቅርንጫፎቹ ላይ የወንድሜ ቀፎዎች ተጋድመዋል። ከወደቁ በኋላ ወደ ጫካ መግባት ስላልቻሉ፣ የቀሯቸው ቀፎዎች የዚህ ዛፍ ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤት ወጥቶ ያወርድላቸዋል፣ እሳቸው ከሥር ሆነው ያዝዛሉ።

ለወንድሜ ነገሩን አስረዳኋቸው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው፤ ለሽፋን የሚሆን ቃል ስላጣሁ በደወሉ መሰልኩላቸው። ደወሉ ሲደወል ቅርብ ያለው አጥርቶ ይሰማል፣ ራቅ ያለው ነፋስ ሲያግዘው ይሰማል፣ ከተራራው ጀርባ ያለው አይሰማም፤ ሳተላይቱም እንደዚያው ነው፣ እኛ ከሚሰሙት ወገን ነን አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው አሰቡና፣ «ታዲያ ከሚሰሙት ወገን ከሆንን ዛፉ ምን ያደርገዋል? ደወል በዛፍ ውስጥ ያልፋል» አሉኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም የጠያቂውን ብልህነት በሚያደንቅ የቢሮ ሰው ፈገግታ መለስኩላቸው። ይህ ሲግናል እንደ ብርሃን እንጂ እንደ ደወል አይደለም፤ እርጥብ ቅጠል ይውጠዋል። ካርታው አገሩን እንጂ ዛፉን አይሥልም።

ሌላም መንገድ ነበረ፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከቤቱ በስተላይ፣ ቡና የሚሰጣበት ሜዳ አለ። ዲሹን እዚያ ተክሎ ረጅም ገመድ መሳብ ይቻል ነበር። ከብት ይረግጠዋል፣ ገመዱ ሲረዝም ሲግናሉ ይደክማል ብዬ ተውኩት። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም እውነተኛው ምክንያት በኮምፓሱ ላይ ያገኘሁት መስመር ንጹሕ መሆኑና መስመሬን መውደዴ ነው።

ወንድሜ ዱላቸውን ተደግፈው ዋንዛውን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ይቆረጥ።»

ምሽት ላይ ንቦቹ ሲረጋጉ ጎረቤቶች በጭስ ቀፎዎቹን አወረዱ። በማግሥቱ ዛፉ ወደቀ። ሲወድቅ ወንድሜ ቤት ውስጥ ነበሩ። የወንድሜ ባለቤት አበባው መሬት ላይ ረግፎ ሲያዩ፣ «እንደው ፍሬ እስኪይዝ እንኳ ብትታገሡት ምን ነበር» ብለው ወደ ማጀት ገቡ።

ሰማዩ ተከፈተ። ዲሹን አዞርኩት፤ ሳተላይቱን ባሰብኩት ቦታ ላይ፣ ያለምንም ፍለጋ አገኘሁት። በስክሪኑ ላይ የሲግናሉ መስመር እስከ ጥግ ሞላ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አሁን ማስታወስ ያሳፍረኛል። ብዙ ቻናሎች ገቡ፤ የአረብ ዜና፣ የአረብ ድራማ፣ የምግብ አሠራር። ወንድሜ የሚፈልጉት ቻናል ግን የለም። ፋሲካ ላይ የያዝኩትን ፍሪኩዌንሲ ደጋግሜ በእጄ አስገባሁ፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ዛፉን በመቁረጥ ያገዙት ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው አንዲት አረብ ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ በአክብሮት ይመለከታሉ። ሪሲቨሩ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም አልኩና፣ አጣርቼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ የራሴን ቴሌቪዥን ከፈትኩ። በዚያው ፍሪኩዌንሲ የእኔም ጥቁር ነው። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እሱማ ወደ ምሥራቁ ተዛውሯል እኮ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ ከሥር በጽሑፍ ሲያስነግሩ ነበር። እኔ በሌላኛው ነው የማየው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

በጣራዬ ላይ ሁለት ዲሾች አሉ፤ ሁለቱንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ቻናል ቤት እንደሚቀይር ተከራይ ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው እንደሚዛወርም አውቃለሁ፤ ለሰው ሁሉ የማስረዳው ነገር ነው። ከፋሲካ እስከ ጥቅምት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሪሞቱን አንስቼ አላረጋገጥኩም። እኔ ቅዳሴ ለመስማት ቴሌቪዥን አልፈልግም፤ እግሬ ይሄዳል።

በዚያ ምሽት ወረቀት ላይ የምሥራቁን ሳተላይት መስመር ሠራሁ። ከመሥራቴ በፊት የሚወጣውን አውቀው ነበር። የምሥራቁ ሳተላይት ለእኛ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ አናት የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ከወንድሜ ግቢ ወደዚያ አቅጣጫ የሚጋርድ አንድም ነገር የለም። በካርታውም ላይ እኛ በውስጠኛው ቀለበት ውስጥ ነን፤ ትንሿ ዲሽ ትበቃ ነበር። ዋንዛው እንደቆመ፣ በአበባውና በንቦቹ ሁሉ እንዳለ፣ ምስሉ ይገባ ነበር።

በነጋታው ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ለወንድሜ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ስደርስ ግን ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ዛፉን የቆረጡት ሁሉ ውጤቱን ለማየት መጥተዋል። ከነሱ መካከል አንድ በሺሺንዳ ገበያ የሚነግድ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ጎረቤት አለ። ዲሹን ነቅዬ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለስኩት፤ እንደ ሰፌድ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማዩን አየ። ምስሉ ወዲያው መጣ። ካህናቱ ቆመዋል፤ ከበሮው ይመታል። ወንድሜ ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ ባለቤታቸው ደግፈዋቸው ቆሙ።

ነጋዴው ከደጅ ሆኖ ዲሹን አየ፤ ጉቶውን አየ።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ዲሹ ለዋንዛው ጀርባውን ሰጠው እኮ። ታዲያ ዛፉ ምን አጥፍቶ ነው የሞተው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድሜ ከውስጥ መለሱለት። «ከፊትም ከኋላም ሰማዩ ክፍት ካልሆነ ምስሉ አይገባም፤ ወንድሜ ተምሮታል፤ አንተ ስለ ቡና ዋጋ ብቻ ተናገር» አሉት። ነጋዴው አሁንም እየሳቀ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እውነት ነው ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።

«ክፍት መሆኑ ይረዳል» አልኩ።

በመሥሪያ ቤት ዘመኔ እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። ሐሰት አይደለም። ማንም በዚህ ሊከሰኝ አይችልም። ወንድሜ ምን እንዳደረጉልኝ ግን ገብቶኛል። በሕይወታቸው አቅጣጫ ስተው የማያውቁ የጫካ ሰው ናቸው፤ ዲሹ ሲዞር ነገሩን ሁሉ አይተውታል። በጎረቤት ፊት እንዳልዋረድ ዋሹልኝ፤ እኔም ውሸቱን ተቀብዬ ማኅተም መታሁበት።

የወረዱት ቀፎዎች በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ። ንቦቹ ጥቂት ቀን ጉቶው ላይ ሲያንዣብቡ ሰነበቱ፤ በኋላ ሄዱ። ወንድሜ እሑድ እሑድ ቅዳሴያቸውን ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ስብከት አለ፤ ለእሱ ነው ጋቢው የሚሰቀለው። በሄድኩ ቁጥር ያመሰግኑኛል፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ መቀመጥ ለመድኩ። እውነቱን መናገሩን ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጉብኝት አስተላልፈው ነበር።

ጥር ላይ በቦንጋ ገበያ ነጋዴውን አገኘሁት። ገመድና ሁለት መጥረቢያ ይዞ በጣም ደስ ብሎታል። ከሺሺንዳ ዲሽ ገዝቷል። ከቤቱ በስተምዕራብ አንድ ትልቅ ጌተም አለው፤ ነጭ ማር የሚሰጠው ዛፍ ነው፣ ከአያቱ የወረሰው።

«ሰማዩን ልከፍት ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ዛሬ ማታ ቀፎ ይወርዳል፣ ነገ ጠዋት ይወድቃል። ሲያልቅ መጥተው ያዞሩልኛል።»

እጁን ያዝኩት። ዛፍህ ምንም አያግድም፣ አትቁረጠው አልኩት። ሳቀብኝ። ደን አትቁረጡ የምትሉት የቢሮ ሰዎች መቼም አትተዉም፣ ጡረታም ወጥታችሁ ያው ናችሁ አለኝ። ወንድምዎ ከፊትም ከኋላም ክፍት ይሁን ብለዋል፤ እርስዎም አጽድቀዋል፤ ለእናንተ ሲሆን ይቆረጣል፣ ለእኛ ሲሆን ደን ነው? አለኝ። ንግግሩ ቀልድ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም። ምክንያቱን ልነግረው ይገባ ነበር። በዙሪያችን የሚያውቁኝ ሰዎች ቆመው ስለነበር፣ ነገ ጠዋት እስክመጣ ጠብቀኝ ብቻ አልኩት። ወደ መንደሩ የሚሄደው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ዘሎ ተሳፈረ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ሞተር ተከራይቼ ሄድኩ። ሞተሩ ከማይገባበት ቦታ ጀምሮ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ ማለት እችላለሁ። የመጥረቢያውን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት። ስደርስ ቀፎዎቹ መሬት ላይ ናቸው፤ በጌተሙ ግንድ ላይ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ነጭ ቁስል ተከፍቷል። ወንድሜ በአጥራቸው በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

አቁሙ አልኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቁኝ። ከዚያ የነጋዴውን ዲሽ አውጥተን በግቢው መሐል ተከልን፤ ወደ ምሥራቅ አቀናሁት፤ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጃፉ አመጡት። ጌተሙ ከኋላችን እንደቆመ ምስሉ ገባ። ሰዎቹ ስክሪኑን አዩ፤ ዛፉን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁለት ሳተላይቶች እንዳሉ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ በምዕራብ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በምሥራቅ እንደሆነ፣ ቻናሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተዛወረና እኔ ይህን ሳላጣራ እንደመጣሁ አስረዳኋቸው።

«ታዲያ የወንድምዎ ዋንዛ?» አለ ነጋዴው። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«በእኔ ስህተት ነው የወደቀው» አልኩ። «መውደቅ አልነበረበትም። ያን ቀን ክፍት መሆኑ ይረዳል ያልኩህም ለማምለጥ ነው።»

ለሚመልሱልኝ ሁሉ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ቢስቁብኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ካሁን በኋላ ዲሽ አትንካብን ቢሉኝ እቀበለው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ በዚህ ዕድሜ በዚህ መንገድ መጥቶ ጥፋቱን የሚናገር የመንግሥት ሰው አይተን አናውቅም ብለው መረቁኝ። ሌሎቹም አሜን አሉ። ነጋዴው እጄን ሳመ። ከዚያ ሁሉም ወደ አጥሩ ዞረው ሳቃቸውን በወንድሜ ላይ አፈሰሱት።

«ጋሼ፣ ከፊትም ከኋላም ክፍት!» አለ ነጋዴው፣ አሁን አፉ ተመልሶለት። «እኔን ዛፍ ሊያስጨርሱኝ! ውሸቱን ከየት አመጡት?»

ሌላው ደግሞ፣ ሰው ቅዳሴ በቴሌቪዥን ማየት ሲጀምር እንዲህ ይሆናል አለ። ወንድሜ ፈገግ ብለው ተቀበሉት። እኔ ለማስተካከል ሞከርኩ፤ ለእኔ ብለው ነው አልኩ፤ ነገር ግን ሳቁ ድምፄን ዋጠው። እስከ ዛሬ በዚያ መንደር ሐቀኛው እኔ ነኝ፤ «ከፊትም ከኋላም» የሚባሉት ደግሞ ወንድሜ ናቸው። ልጆች ሳይቀሩ ይሏቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተቀመጥን። ባለቤታቸው ቡናና ቆሎ አቅርበው፣ ለጌተሙ ቁስል ጭቃ ይለጥፉበት ብለው ልጅ ሊልኩ ወጡ። ለወንድሜ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ረጅም ነበር። ከመጀመሪያው ተነስቼ ስለ ፋሲካው፣ ስለ ፍሪኩዌንሲው፣ ስለ ቡናው ሜዳ፣ ስለ ረጅሙ ገመድ ሁሉንም ተናገርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገመዱንማ እኔም አስቤው ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ቆሎውን በእጃቸው አንገዋለሉት።

«እርግጠኛ ነህ ብዬ ስጠይቅህ ፊትህን አላየኸውም» አሉኝ። «ጡረታ ከወጣህ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎህ አላየሁህም። ዛፉ የእኔ ነው፤ ልስጥህ ብዬ ነው።»

ስብከቱ ተጀመረ። ፀሐይዋ ከጉቶው በላይ ባለው ባዶ ሰማይ በኩል ዝቅ ብላ ገባችና፣ ምስሉን አጠፋችው። ወንድሜ ዱላቸውን ሊያነሱ ሲሞክሩ ቀድሜያቸው ተነሳሁ። የጋቢው አንድ ጫፍ ከምስማሩ ወልቆ ነበር። ምስማሩ ልል ስለሆነ አልይዝ አለኝ፤ ስለዚህ ስብከቱ እስኪያልቅ ድረስ ጫፉን በእጄ ይዤ ቆምኩ።